አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ኤልሲዲ፣ 60 ተማሪ፦ ያለ ኢንተርኔት በሲሙሌሽን ማስተማር

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እጠየቃለሁ። «ሲሙሌሽን ማሳየት ፈልጌ ነበር፣ ግን ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት የለም፣ ኤልሲዲውም (ፕሮጀክተሩ) ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድ ነው፣ ተማሪው ደግሞ 60 ነው፤ ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ መምህር በቴሌግራም ስመልስ ጣቴ ደከመ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ምሳሌ የማደርገው የ10ኛ ክፍል ፊዚክስን ነው፤ ሲሪየስ (አምፖሎቹ በአንድ መስመር ተከታትለው የሚያያዙበት) እና ፓራለል (እያንዳንዱ በራሱ መስመር ጎን ለጎን የሚያያዝበት) ሰርኪት። መሣሪያው ደግሞ ፌት ነው፤ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ነፃ የሳይንስና የሒሳብ ሲሙሌሽን ስብስብ። ኬሚስትሪ ወይም ሒሳብ የምታስተምሩ ከሆነ አሠራሩ ያው ነው፤ ፋይሉንና ጥያቄዎቹን ብቻ ቀይሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላፕቶፕ፤ ባትሪው ቢያንስ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚቆይ
- ኤልሲዲ ከነገመዱ። ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ብቻ፣ ኤልሲዲው ቪጂኤ ብቻ ሊሆን ስለሚችል መቀየሪያ ያዙ
- ረጅም ገመድ ያለው ዲቫይደር
- ፍላሽ
- ነጭ አንሶላ (ግድግዳው ቀለም የተቀባ ከሆነ) እና መስኮት መሸፈኛ፣ ካርቶንም ይሁን ጨርቅ
- ለየቡድኑ ግማሽ ወረቀት
- ጥያቄዎቹ በትልቁ የተጻፉበትና የሰርኪቱ ሥዕል ያለበት ፍሊፕ ቻርት። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ
- ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት ትንንሽ የባትሪ አምፖል፣ ጥቂት ቁራጭ ሽቦ

ቤት ወይም ቢሮ ሆናችሁ የምትሠሩት

1. ፋይሉን አውርዱ።

ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ጎግል ላይ ፒ፣ ኤች፣ ኢ፣ ቲ የሚሉትን አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፉና ኮሎራዶ የሚለውን ጨምሩበት። ገጹ ሲከፈት «ሰርኪት ኮንስትራክሽን ኪት፦ ዲሲ» የሚለውን ፈልጉ። ወደ ታች የሚያመለክት የማውረጃ ቀስት አለ፤ እሱን ንኩ። የሚወርደው ስሙ በኤችቲኤምኤል የሚያልቅ አንድ ፋይል ነው፤ ክብደቱም ጥቂት ሜጋባይት ብቻ።

ብራውዘሩ ላይ ያለውን «ገጹን አስቀምጥ» የሚለውን ትእዛዝ አትጠቀሙ። እሱ የሚያስቀምጥላችሁ የድረ ገጹን ቅርፊት ነው፣ ሲሙሌሽኑን አይደለም። በቀስቱ የሚወርደው ፋይል ግን ሥዕሉም ድምፁም ሥራውም ሁሉ በአንድ ላይ የታሸገበት ስለሆነ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ጃቫ የሚል ምልክት ያለባቸውን የቆዩ ሲሙሌሽኖች ደግሞ ተዉአቸው። ተጨማሪ ፕሮግራም ይጠይቃሉ፣ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ አይሠሩም።

2. ኢንተርኔቱን አጥፉና ክፈቱት።

ዋይፋዩን አጥፉ፣ ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዝጉ፣ ከዚያ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጉ። ከተከፈተ አለቀ። ይህን እርምጃ ማንም ይዘለዋል፤ እኔም ዘልዬዋለሁ። ቤት ከድረ ገጹ ላይ ከፍቼው ስለነበር ይበቃል ብዬ ላፕቶፑን ከድኜ ክፍል ገባሁ። ስከፍተው ገጹ ራሱን ሊያድስ ሞከረና 60 ተማሪ ፊት ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚመጣው የክሮም ዳይኖሰር ቆመልኝ። ተማሪዎቹ በጣም ተደሰቱ። ዳይኖሰሩን እንዳጫውታቸውም ጠየቁኝ።

ፋይሉን ላፕቶፑም ላይ ፍላሹም ላይ አስቀምጡ። ነጭ ገጽ ብቻ ከመጣ ብራውዘሩ አርጅቷል ማለት ነው። አዲስ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ጫኑ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ጊዜ አታጥፉ።

3. ግማሽ ሰዓት ራሳችሁ ተጫወቱበት።

ሲከፈት ሁለት ክፍል ታያላችሁ፤ ኢንትሮ እና ላብ። በኢንትሮ ጀምሩ፣ ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ተማሪው አይደናገርም። እነዚህን ካወቃችሁ ይበቃል፦

ሽቦ፣ ባትሪ፣ አምፖል ከጎን ካለው ሳጥን እየጎተታችሁ ታወጣላችሁ፤ ጫፍ ለጫፍ ሲነካኩ ይያያዛሉ። የተያያዘውን መለየት ስትፈልጉ መጋጠሚያውን ንኩ፣ መቀስ ይመጣል። ዕቃ ለማጥፋት ዕቃውን ንኩ፣ የቆሻሻ ቅርጫት ይመጣል። ሁሉም ሲዘበራረቅባችሁ ከታች በስተቀኝ ያለው ብርቱካናማ ክብ ቁልፍ እንደ አዲስ ያስጀምራል። ባትሪው ሲወጣ 9 ቮልት ነው፣ አምፖሉ 10 ኦም። ቁጥሮቹን የሚያሳየው ምልክት በርቶ ከሆነ አጥፉት። ተማሪው መልሱን ከስክሪን ካነበበ የሚገምተው ነገር አይኖርም።

ለምን ግማሽ ሰዓት? ክፍል ውስጥ «ቆይ የት ነበር» እያላችሁ ቁልፍ ስትፈልጉ 60 ሰው ጸጥ ብሎ አይጠብቃችሁም።

4. ሦስት ጥያቄ ጻፉ፤ ሦስት ብቻ።

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሲሙሌሽኑ ራሱ አያስተምርም፤ ተማሪው መልሱን በልቡ ይዞ ሲጠብቅና ስክሪኑ ሌላ ነገር ሲያሳየው ነው የሚማረው። ስለዚህ ጥያቄው ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት መሆን አለበት። የእኔ ሦስቱ እነዚህ ናቸው፤ እንዳሉ ውሰዷቸው።

ጥያቄ ሀ፦ አንድ ባትሪና አንድ አምፖል አለ። ሁለተኛ ተመሳሳይ አምፖል በሲሪየስ ብንጨምር ምን ይሆናል? (1) ሁለቱም እንደ መጀመሪያው ይበራሉ (2) ሁለቱም እኩል ይደበዝዛሉ (3) ለባትሪው የቀረበው ደመቅ ይላል፣ ሁለተኛው ይደበዝዛል (4) ሁለቱም ይጠፋሉ።

ብዙ እጅ ወደ 3 ይሄዳል። ተማሪው ከረንትን (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን) እንደ ውኃ ቆጥሮ «የመጀመሪያው ጠጥቶ የተረፈው ለሁለተኛው ይደርሳል» ብሎ ስለሚያስብ ነው። መልሱ 2 ነው። በአንድ አምፖል 0.90 አምፒር የነበረው በሁለት አምፖል 0.45 ይሆናል፤ ከአምፖሉ በፊትም፣ በመሃልም፣ በኋላም ያው 0.45።

ጥያቄ ለ፦ ሁለተኛውን አምፖል በፓራለል ብናደርገውስ? የመጀመሪያው አምፖል (1) ይደበዝዛል (2) አይለወጥም (3) ይደምቃል።

እዚህ ደግሞ «ለሁለት ይካፈላሉ» ብለው 1ን ይመርጣሉ። መልሱ 2 ነው። እያንዳንዱ አምፖል 0.90 ያልፍበታል፣ ባትሪው የሚሰጠው ግን 1.80 ይሆናል። ባትሪ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከረንት ይሰጣል የሚለው ስህተት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ ሐ፦ በፓራለል ካሉት የአንዱን ሽቦ ብንቆርጥ ሌላው ይጠፋል? ጥያቄውን ስታነቡ «የሳሎኑን መብራት ስታጠፉ የመኝታ ቤቱ ለምን አይጠፋም?» ብላችሁ ጨምሩበት። ግማሹ ክፍል ያኔ ራሱ ይመልሰዋል።

ከደወሉ በፊት

5. ኤልሲዲውን ቀድማችሁ ግጠሙ፣ ከዚያ ኋላ ወንበር ሄዳችሁ ተቀመጡ።

ዕረፍት ሰዓት ላይ ግቡ። ገመዱን ሰክታችሁ ምስሉ ካልመጣ የዊንዶውስ ቁልፍንና «ፒ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ላይ ተጫኑና ሁለቱም ስክሪን አንድ ዓይነት የሚያሳዩበትን ምረጡ። ኤፍ 11 ስትጫኑ ብራውዘሩ ስክሪኑን ይሞላዋል። ላፕቶፑ በመሃል እንዳይተኛ የስሊፕ ሰዓቱን አርዝሙ።

ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ማየት ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው፤ የአሜትሩ (ሲሙሌሽኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ) ቁጥር ይነበባል ወይ፣ የደመቀና የደበዘዘ አምፖል ይለያል ወይ። ካልተለየ መስኮቱን ሸፍኑ ወይም ኤልሲዲውን ወደ ግድግዳው አቅርቡት። ምስሉ ያንሳል ግን ይደምቃል። የብርሃን ልዩነት የማይታይ ከሆነ ትምህርቱ በሙሉ ተበላሸ፤ የምንጠይቀው እሱኑ ስለሆነ።

6. ቡድኑን በዴስክ አድርጉት።

ወንበር አታዘዋውሩ። አንድ ዴስክ ላይ ያሉት ሦስቱ ወይም አራቱ አንድ ቡድን ናቸው፣ አንድ ግማሽ ወረቀት ይይዛሉ። ወንበር ማዞር ብቻውን ከ40 ደቂቃው ሰባት ስምንቱን ይበላል።

ክፍል ውስጥ

7. መጀመሪያ ይገምቱ። እጃችሁ ማውሱን አይንካ።

ሰርኪቱን በአንድ አምፖል አሳዩ፣ ጥያቄ ሀን አንብቡ፣ አንድ ደቂቃ ስጡ። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትሉ ሁሉም ተማሪ የመረጠውን ቁጥር በጣቱ ደረቱ ላይ ያሳይ። እጅ ወደ ላይ ማንሳት አይደለም፣ ደረት ላይ። እጅ ከተነሳ ሁሉም ወደ ጎበዙ ልጅ ዞሮ ይቀዳል፤ ደረት ላይ ከሆነ የምታዩት እናንተ ብቻ ናችሁ። የሚያፍረው ልጅም ይመልሳል። ለዚህ ስልክም አፕም አያስፈልግም፣ በአንድ ዓይን ዞር ብላችሁ ቆጥራችሁ ትጨርሳላችሁ።

8. መልሱን ሳትናገሩ አከራክሯቸው።

መልሱ ከተከፋፈለ «ጎንህ ያለውን አሳምነው» በሉና ሁለት ደቂቃ ተዉአቸው። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሚቀናቸው ቋንቋ ያውሩ፤ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ክርክሩም እንግሊዝኛ ይሁን ካላችሁ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ እንደገና በጣት። ብዙው ተማሪ ከመጀመሪያውም ትክክል ከነበረ ግን ክርክሩን ዝለሉት፣ ጊዜ ነው። ሁሉም ከተሳሳተም አታከራክሩ፤ ቀጥታ ወደ 9 እለፉ።

9. ማውሱን ለተማሪ ስጡ።

አንድ ተማሪ ወጥቶ አምፖሉን ይጨምር። የተሳሳተ ቡድን አባል ቢሆን ይመረጣል፣ ለማሳፈር ሳይሆን የራሱን ግምት ራሱ እንዲፈትነው። እናንተ ከኋላ ቁሙ። መምህር ሲሠራው ተማሪው ፊልም ያያል፤ ጓደኛው ሲሠራው ግን «እዚያ ጋር! አይ፣ በዚያኛው ጫፍ!» እያለ አብሮ ይሠራል። ጩኸቱን ቻሉት።

10. አሜትር አምጡና ቁጥሩን ይጻፉ።

አሜትሩን ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ ከዚያ በሁለቱ መሃል፣ ከዚያ ከሁለተኛው በኋላ ያስለኩ። ሦስቱንም ቁጥር ወረቀታቸው ላይ ይጻፉ። ቀጥሎ በኦም ሕግ ራሳቸው ያስሉ፦ 9 ቮልት ሲካፈል ለ20 ኦም (የሁለቱ አምፖል ድምር)። ስሌቱ ከስክሪኑ ጋር ሲገጥም ፎርሙላው ከሰሌዳ ላይ ወርዶ የሆነ ነገር ይሆናል። ከዚያ በጥያቄ ለ እና ሐ ከ7 እስከ 10 ያለውን ድገሙ። ጊዜ ካጠረ ሐን ለቤት ሥራ ተዉት።

11. የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ በእውነተኛ ድንጋይ።

ሲሙሌሽኑ ውስጥ ባትሪው አይደክምም፣ ሽቦው ረዚስታንስ (ከረንትን የመቃወም ባሕርይ) የለውም ማለት ይቻላል። እውነተኛው እንደዚያ አይደለም። ሁለቱን ድንጋይ አያይዛችሁ አንድ አምፖል አብሩ፣ ከዚያ ሁለተኛውን በፓራለል ጨምሩ። የመጀመሪያው ትንሽ ሊደበዝዝ ይችላል፤ በተለይ ድንጋዩ ካረጀ። አትደንግጡ፣ አትደብቁትም። የድንጋዩ የውስጥ ረዚስታንስ ነው። ላብ በሚለው ክፍል ውስጥ የባትሪውን የውስጥ ረዚስታንስ መጨመር ይቻላል፤ ከፍ አድርጋችሁት ሙከራውን ስትደግሙ አምፖሉ ስክሪን ላይም ይደበዝዛል። ተማሪ «መምህር፣ ኮምፒውተሩ ዋሸ» ብሎኝ ነበር ይህን ያገኘሁት፤ አሁን ሆን ብዬ እጠብቀዋለሁ።

ጥንቃቄ

የባትሪውን ሁለት ጫፍ በሽቦ ብቻ ስታገናኙ ሲሙሌሽኑ እሳት ያሳያል። ተማሪዎች ይወዱታል፣ ደጋግመው ይሠሩታል። እዚያው አቁሙና ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት 220 ቮልት እንደሆነ፣ እሱ ላይ የሚሞከር ነገር እንደሌለ በግልጽ ንገሯቸው። ለቤት ሙከራ የሚፈቀደው የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ጫፍ ለጫፍ በሽቦ ማገናኘት ሽቦውንም ድንጋዩንም ያግላል፣ ጣት ያቃጥላል።

የዲቫይደሩ ገመድ በመተላለፊያው ላይ ከዘለቀ በፕላስተር መሬቱ ላይ ለጥፉት። ተማሪ ሲጠልፈው ኤልሲዲውም አብሮ ይወድቃል።

ፍላሹን ከትምህርት ቤት ኮምፒውተር ነቅላችሁ ቤት ስትሰኩ ስካን አድርጉ። ፋይሉ ሾርትከት ሆኖ ካገኛችሁት ቫይረስ ነው፤ ሾርትከቱን አትክፈቱ። ለዚህ ነው ላፕቶፑም ላይ አስቀምጡ ያልኩት።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

የኤሌክትሮን አቅጣጫ። ሲሙሌሽኑ በነባሪ የሚያሳየው ኤሌክትሮኖችን ነው፤ ከኔጌቲቭ ወጥተው ወደ ፖዘቲቭ ይሄዳሉ። መጽሐፉ ላይ ያለው የከረንት ቀስት ደግሞ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ነው። ይህን ቀድማችሁ ካልተናገራችሁ ክፍሉ «መጽሐፉ ተሳስቷል» ብሎ ይወጣል። ኮንቬንሽናል የሚለውን ምርጫ ስትነኩ ቀስቱ ይገለበጣል፤ ሁለቱንም እያቀያየራችሁ አሳዩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ባትሪ ማብዛት። ተማሪ ከተለቀቀ ባትሪ ይደረድራል። ከረንቱ በጣም ሲበዛ ሲሙሌሽኑ የእንቅስቃሴው ፍጥነት እንደተቀነሰ የሚገልጽ ጽሑፍ ያወጣል፤ ያኔ ኤሌክትሮኖቹ የሚሄዱበት ፍጥነት ትክክለኛውን ሬሾ አያሳይም። በዚያን ጊዜ የሚታመነው አሜትሩ ነው።

አሜትርን በፓራለል መሰካት። ስክሪን ላይ እሳት ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ የተቃጠለ አሜትር። ሲሙሌሽኑ ላይ አንዴ እንዲሳሳቱ ፍቀዱላቸው፣ እዚያ የሚከፈል ዕቃ የለም።

ስልክ ላይ አልከፈት ማለት። ትምህርት ቤታችሁ ስልክ የሚፈቅድ ከሆነ ወይም ለቤት ሥራ ፋይሉን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ፣ ተማሪው ሲነካው ኤችቲኤምኤል ቪውወር የሚል ነገር ሊከፍተው ይሞክራል፣ አይሠራም። «በሌላ ክፈት» ብሎ ክሮምን ይምረጥ። ስልኩ በጎን ይያዝ። ስልክ የሌለው ተማሪ እንዳለ አትርሱና የቤት ሥራውን በቡድን ስጡ።

ብዙ ሲሙሌሽን በአንድ ቀን። አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ሲሙሌሽን። ሦስት ካሳያችሁ አንዱንም አይዙትም።

መብራት ሲሄድ ማቆም። ይሄዳል፣ እናውቀዋለን። ኤልሲዲው ይጠፋል፣ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይቀጥላል። ያኔ ፍሊፕ ቻርቱን ስቀሉ። ጥያቄውና የሰርኪቱ ሥዕል እዚያ ስላለ መገመቱና ክርክሩ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ላፕቶፑን ይዛችሁ በዴስኮቹ መሃል ዙሩ፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ ከ20 ሰከንድ በላይ አያስፈልግም፣ አምፖሉ ደበዘዘ ወይስ አልደበዘዘም የሚለውን ብቻ ነው የሚያዩት። ቁጥሮቹን አንድ ተማሪ ከስክሪኑ እያነበበ ሌላው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ኤልሲዲው ግን መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋጋ ከሶኬቱ ይነቀል፤ ሲመጣ የሚዋዥቀው ቮልቴጅ ሊያቃጥለው ይችላል፣ ለትምህርት ቤቱ ያለው ደግሞ እሱው ብቻ ነው።